ጨዋታው ካላበቃ ማን ያብቃው?



ባለፈው ክረምት የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ ወላጆቼን ልጠይቅ ወደ መቱ ሄጄ ነበር። በደሌን፣ ያዮንና ሁሩሙን አቋርጠን ስናልፍ ዝናብ ያስጠለላቸው ሕፃናት በየሱቁ ደጃፍ አንድ ስልክ ከበው ሲጫወቱ አየሁ። ፈገግ አልኩና አለፍኩ። ነገሩ የእኔም ቤት ጉዳይ መሆኑ ያን ጊዜ አልታየኝም።

የኢሉባቦርን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ዝናቡ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ልጁ ከቤት መውጣት አልቻለም፤ እኔ ደግሞ ለጋዜጣ የማደርሰው ጽሑፍ ነበረኝ። ስለዚህ ስልኬን ሰጠሁትና ሰላም አገኘሁ። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ቀን አባቴ የልጅ ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከጎሬ መቱ በእግራቸው እንዴት ይመላለሱ እንደነበር ያጫውቱት ጀመር። ልጁ ከስልኩ ቀና አላለም። በስሙ ጠሩት፤ ዝም። ደግመው ጠሩት፤ አሁንም ዝም። ደሜ ፈላና ስልኩን ከእጁ መነጨቅሁት። ልጁ ቤቱን በለቅሶ አናወጠው። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «የሰጠኸው አንተ፣ የነጠቅኸውም አንተ። ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እኛ በልጅነታችን ጨዋታ አንወድም ነበርን? እንዴታ! ነገር ግን የእኛ ጨዋታ ማብቂያው ከራሱ ጋር ነበር። ገበጣ ጠጠሩ ሲበላ ያልቃል። ድብብቆሽ ሲጨልም ይቀራል። የጨርቅ ኳሳችን ገደል ይገባል፤ ካልገባም የመግሪብ አዛን ይበትነናል። ኋላ የፕሌይስቴሽን ቤት ሲመጣ እንኳ የምንከፍለው በጨዋታ ሒሳብ ስለነበር ሳንቲማችን ሲያልቅ ጨዋታውም ያልቅ ነበር። ሳንቲም ቢኖረን መብራት ይጠፋል። ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ጥበበኞች ስለነበሩ አልነበረም፤ ድህነቱም፣ ጨለማውም፣ አዛኑም ያግዟቸው ነበር።

የዛሬው የስልክ ጨዋታ ግን መጨረሻ እንዳይኖረው ሆኖ የተሠራ ነው። አንዱን ደረጃ ሲጨርሱት ሌላው ይከፈታል። ነገም ተመልሶ ለሚመጣ ልጅ ስጦታ ይጠብቀዋል። ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ እጅ ከስልኩ አይነሳም። ልጁ በቆየ ቁጥር ማስታወቂያ ይታያል፤ ባለቤቱም ገንዘብ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚገዙና ይዘታቸው በዕድል የሚወሰን ሣጥኖች ከቁማር የሚቆጠሩ ናቸው ሲል ወስኗል። እንግዲህ የስድስት ዓመት ሕፃን ከዚህ ሁሉ ባለሙያ ጋር ብቻውን እንዲታገል እንተወዋለን፤ ሲሸነፍ ደግሞ እንቆጣዋለን። ይህ ፍትሕ ነውን?

ይህን ስል ጨዋታን መኮነኔ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ደንግጓል። ከዚያ በፊትም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበርና ነቢዩ የልጅ ልጃቸው በጀርባቸው ላይ ቢወጣ እስኪበቃው ድረስ ሱጁዳቸውን እንዳስረዘሙ በሐዲስ ተዘግቦልናል። ተከሳሹ ጨዋታ ሳይሆን መጨረሻ ማጣቱ ነው። ገደብ ማበጀት ማለትም ለጨዋታው የጎደለውን ማብቂያ መስጠት ማለት ነው።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናት ተቀምጠው ከስክሪን ፊት የሚያሳልፉት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ መክሯል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላሉት የኢንተርኔት ጨዋታን በዓርብ፣ በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓላት ምሽት ለአንድ ሰዓት ብቻ ፈቀደች። ደቡብ ኮሪያ በበኩሏ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የኮምፒውተር ጨዋታ እንዳይጫወቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከለከለች። ይሁን እንጂ ልጆቹ ሕጉ ወደማይመለከተው ስልክ ዞሩ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሕጉ ተሽሮ ውሳኔው ወደ ቤተሰብ ተመለሰ። መንግሥት ያን ሁሉ አቅም ይዞ ሞክሮት ሥራው ዞሮ ዞሮ ከእኛው ሳሎን ገባ።

እዚህ ላይ ነው የእናቴ ጥያቄ የሚከብደው። ስልኩን የሰጠሁት ልጁ ስለለመነኝ ብቻ አልነበረም፤ የራሴን ጊዜ ልገዛበት ነው። ስለዚህ ገደብ ሳበጅ የገዛሁትን ጊዜ መመለስ አለብኝ። የገደብ ዋጋው የሚከፈለው ከልጁ ሳይሆን ከወላጁ ኪስ ነው። ስልኩን ወስዶ በምትኩ ምንም አለመስጠት ቅጣት እንጂ ገደብ አይባልም።

እርግጥ ነው፣ ይህን ዋጋ ሁሉም እኩል መክፈል አይችልም። ቀኑን በገበያ ውላ፣ በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ከማሳ ደክማ የምትመለስ እናት ስልኩን ለልጇ ብትሰጥ ማን ይፈርድባታል? ነገር ግን ድሮም ልጅ የሚያሳድገው ወላጅ ብቻውን አልነበረም። አያት ነበረ፤ ጎረቤት ነበረ፤ ቁርኣን ቤት ነበረ። የተሻለ ጊዜ ያለን ሰዎች የጎረቤታችንን ልጅ ከልጃችን ጋር ብንሰበስብ ሰደቃ ነው።

ለእኔ ፍትሐዊ ገደብ ሦስት ነገሮችን ያሟላ ነው። አስቀድሞ ይነገራል፤ ምክንያት ይኖረዋል፤ ሰጪውንም ያስረዋል። ሉቅማን ልጁን ሲመክር በፍቅር እየጠራ፣ ምክሩንም በምክንያት እያስደገፈ እንደነበር ቁርኣን ይነግረናል። እኔ ግን ሳልናገር ሰጠሁ፤ ሳልናገር ነጠቅሁ።

በማግሥቱ ከልጄ ጋር ተስማማን። ከዐስር ሶላት በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጫወታል፤ ከዚያ ስልኩ ከመደርደሪያው ላይ ይወጣል። የመጀመሪያውን ቀን አለቀሰ። በሁለተኛው ቀን ሳያለቅስ መለሰልኝ። እኔም ስልኩን ተቀብዬ መልእክት መጥቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ስከፍተው ቀና ብሎ አየኝና፣ «አባዬ፣ ያንተስ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ።

ለእናቴ ያጣሁትን መልስ ለልጄም አጣሁት። ስልኩን ከመደርደሪያው ላይ አስቀምጬ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸውም የጎሬን መንገድ ከጀመሩበት ቀጠሉ። ዛሬ አዲስ አበባ ተመልሼም አንዳንድ ቀን እሸነፋለሁ፤ ያን ቀን ልጄን የመቆጣት መብት እንደሌለኝ ግን አውቃለሁ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን፤ እኛንም ለአማናው የበቃን ያድርገን። አሚን።