የሚከፈልበት ዕረፍት፤ መንገደኛ ለላውንጅ ገንዘብ ሊከፍል ይገባዋልን?

አንባቢ ሆይ፤ በቤቱ ያለ ሰው ልማድና ጎረቤት ይመሩታል፤ በመንገድ ያለ ሰው ግን የሚያውቀው ስለሌለ ገንዘቡን እንደ ፈቀደ ያወጣል። ስለዚህ የሰው አሳብ በአገሩ ገበያ ከሚገለጥ ይልቅ በሩቅ መንገድ ይገለጣል። እኛም ታናሽ ስለሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ሰው ስለሚያመነታበት ጕዳይ ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን። በአይሮፕላን የሚሄድ መንገደኛ እስኪሳፈር ድረስ ላውንጅ በሚባለው በተለየው ክፍል ለመቀመጥ ገንዘብ ቢከፍል መልካም አድርጓልን? ወይስ ገንዘቡን በከንቱ በትኗል? በዚህች ጽሕፈት የሚገኙት ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ኾነ እንይ። ላውንጅ በአይሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከብዙው ሕዝብ መቀመጫ የተለየ ክፍል ነው። በውስጡም ለስላሳ ወንበር፣ መብልና መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ በአንዳንዱም የገላ መታጠቢያ ይገኛል። አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ኩባንያ አድሚራልስ ክለብ ብሎ የሰየመውን ክፍል በኒው ዮርክ፣ በላጋርድያ፣ በ1939 ዓ.ም. ከፈተ፤ ከአይሮፕላን ኩባንያዎች ላውንጆችም ኹሉ የፊተኛው ይህ ነው። በዚያን ዘመን ወደዚያ የሚገባው የከፈለ ሰው ሳይኾን የተጋበዘ ሰው ነበረ፤ ኩባንያው ያከበረው ብቻ በሩን ያልፍ ነበር። ከዘመናት በኋላ ግን በሩ ለሚከፍል ኹሉ ተከፈተ። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ፕራዮሪቲ ፓስ የተባለው ድርጅትም በአንድ ካርድ በብዙ አገሮች ወዳሉ ላውንጆች መግባትን ይሸጣል፤ ዛሬም ቍጥራቸው ከአንድ ሺህ በላይ ነው። እንግዲህ ይህ ነገር ሲወለድ ክብር ነበረ፤ ሲያድግ ሸቀጥ ኾነ። ዛሬ ኹለቱ ተቀላቅለው ይሸጣሉ፤ ዕረፍትና ክብር በአንድ ቲኬት። ገዢው ግን ከኹለቱ የትኛውን እንደ ገዛ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ጥያቄያችንም በዚህ ላይ ይቆማል።

ነገር ግን ስለ ልብ ከመናገራችን በፊት ስለ ሒሳብ እንናገር። ሒሳብን ሳያውቅ ስለ ልብ የሚናገር ሰው በከንቱ ይደክማልና። በ2024 ዓ.ም. ፕራዮሪቲ ፓስ በአሜሪካ ሦስት ዐይነት ካርድ ይሸጥ ነበር። ፊተኛው በዓመት 99 ዶላር ኾኖ በገቡ ቍጥር ደግሞ 35 ዶላር የሚያስከፍል ነበረ። ኹለተኛው በዓመት 329 ዶላር ኾኖ ዐሥር ጊዜ ያለ ጭማሪ የሚያስገባ፣ ከዐሥር በላይ ግን እንደ ፊተኛው 35 ዶላር የሚያስከፍል ነበረ። ሦስተኛው 469 ዶላር ኾኖ ያለ ቍጥር የሚያስገባ ነበረ። አኹን እንቍጠር። በፊተኛው ካርድ ስድስት ጊዜ የገባ ሰው በጠቅላላው 309 ዶላር ይከፍላል፤ ሰባት ጊዜ ቢገባ ግን 344 ይኾንበታል። ስለዚህ ኹለተኛው ካርድ የሚጠቅመው ቢያንስ ሰባት ጊዜ ለሚገባ ሰው ነው። ሦስተኛውም ከኹለተኛው የሚሻለው ከዐሥራ አራት ጊዜ በላይ ለሚገባ ብቻ ነው።

በዋሽንግተን የሚኖር ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድና ቢመለስ፣ በመንገዱም አንድ ጊዜ አይሮፕላን ቢለውጥ፣ የሚጠብቅባቸው ጊዜያት በመሄድ ኹለት በመመለስም ኹለት ናቸው። በአራቱም ቢገባ እንኳ ኹለተኛው ካርድ አያዋጣውም። ኹለት ጊዜ ብቻ ቢገባ ደግሞ በፊተኛው ካርድ 169 ዶላር ከፈለ፤ ይህም ለአንዱ መግቢያ 84 ዶላር ከግማሽ ነው። ብዙ ሰው ግን 35 የሚለውን ቍጥር ብቻ አይቶ፣ ረከሰልኝ ብሎ ደስ ይለዋል።

ሌላውም፣ በነጻ እገባለሁ የሚል ሰው አለ፤ የባንክ ካርዱ ያስገባዋልና። ነገር ግን ያ ካርድ ራሱ በነጻ አይደለም። አሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም የተባለው ካርድ የዓመት ክፍያው በ2025 ዓ.ም. ከ695 ወደ 895 ዶላር ከፍ ብሏል። ካርዱን ለሌላ ጥቅም የሚይዝ ሰው ይኖር ይኾናል፤ እርሱ ሒሳቡን ያውቃል። ነገር ግን ስለ ላውንጅ ብሎ የያዘው ሰው ነጻ የሚለውን ቃል ከአፉ ያውጣ። አስቀድሞ የከፈለውን የረሳ ሰው አልከፈለም አይባልምና።

ደግሞ የሚሸጠው ነገር እንደ ተነገረው መኾኑን መመርመር ይገባል። ብዙዎቹ ላውንጆች ከሦስት ሰዓት በላይ አያስቀምጡም፤ በሞሉም ጊዜ ካርድ የያዘውን ሰው ከበር ይመልሳሉ። ዴልታ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክፍሎቹ እጅግ ስለ ተጨናነቁበት ከየካቲት 2025 ጀምሮ በባንክ ካርድ የሚገቡትን ሰዎች ወሰነ፤ በካርዳቸው ብዙ ገንዘብ ካላወጡ በቀር አንዳንዶቹ በዓመት ዐሥር ጊዜ ብቻ፣ ሌሎቹም ዐሥራ አምስት ጊዜ ብቻ ይገባሉ። ከሕዝብ ግፊያ መለየት ለብዙ ሕዝብ ሲሸጥ ግፊያው ገዢውን ተከትሎ ይገባል። ክብርን ለመግዛት የሄደ ሰው ይህን ባየ ጊዜ ይቈጣል፤ ዕረፍትን ለመግዛት የሄደ ግን ወንበር ካገኘ ይበቃዋል።

በገንዘብ ከመግዛትህም በፊት ያለ ገንዘብ የሚገኘውን እወቅ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ አገር ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ በፍተሻ አያልፍም፤ ባዶ ኮዳ ግን ያልፋል፤ ከፍተሻውም በኋላ ውኃ ይቀዳበታል። በሳን ፍራንሲስኮ አይሮፕላን ማረፊያ ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ መሸጥ ስለ ተከለከለ መንገደኛው ዕቃውን ከነጻው መቅጃ ይሞላል። ዳቦ ቆሎና በሶ የያዘች እናትም ከላውንጅ ሾርባ ያላነሰ ስንቅ ይዛለች። በዶሃ አይሮፕላን ማረፊያ ወንዶችና ሴቶች በየክፍላቸው ያለ ክፍያ የሚያርፉባቸው ጸጥ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ በሲንጋፖርም እንዲሁ መንገደኛ የሚጋደምባቸው ነጻ ወንበሮች አሉ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ከኅብረቱ አገር ወደ ሩቅ አገር፣ ይኸውም ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ በረራ አራት ሰዓት ያህል ቢዘገይ ኩባንያው ለመንገደኛው መብልና መጠጥ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሚገባውን ሳይጠይቅ ሌላ የሚከፍል ሰው ቸር አይባልም፤ ያላወቀ ነው እንጂ።

ይህን ኹሉ ስንናገር አንባቢ፣ እንግዲያስ ላውንጅ ከንቱ ነው ሊሉን ነው፣ ብሎ ይጠብቅ ይኾናል። እንደዚያ አንልም። ዕረፍት የሰውነት እውነተኛ ፍላጎት ነው። ጕልበቷ ያመማት አሮጊት እናት፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን የያዘች ሴት፣ ከሕክምና የሚመለስ በሽተኛ፣ ሌሊቱን ሲበር አድሮ ጧት በቀጥታ ወደ ሥራ የሚገባ ሠራተኛ፣ እነዚህ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት በብረት ወንበር ላይ ሊቀመጡ ቢገደዱ፣ ለጥሩ ወንበርና ለገላ መታጠቢያ የሚከፈለው ገንዘብ በመልካም የወጣ ገንዘብ ነው። ለመድኃኒት እንደሚከፈለው ይቈጠራልና ሊታፈርበት አይገባም።

በዚህም ነገር ቈጣቢ ነኝ የሚል ሰው ራሱን ይመርምር። ቍጠባ ኹሉ ጽድቅ አይደለም። አንድ ሰው ኹለቱን ሻንጣ እያንዳንዱን እስከ 23 ኪሎ በጫማና በሽቱ፣ ዘመድ አይቶ በሚያደንቀው ዕቃ ይሞላል፤ ለዚህም ብዙ መቶ ዶላር ሲያወጣ አይቈጭም። አብራው የምትሄደው እናቱ ግን እግሯ አብጦ ስትቀመጥ፣ ለላውንጅ የሚከፈለው ብዙ ነው ይላል። ወንድሜ ሆይ፤ ይህ ቍጠባ አይደለም። በሻንጣው ያለውን ሰው ያየዋል፤ የእናትህን ዕረፍት ግን ከእርሷና ከአንተ በቀር የሚያይ የለም። ስለዚህ ለሚታየው ከፈልህ፣ ለማይታየው ግን ነፈግህ። ላውንጅ ባለመግባትህም ትሑት የኾንህ አይምሰልህ።

አኹን ደግሞ በሌላ ወገን ያለውን እንመልከት። ያልደከመ፣ ያልራበው፣ የሚጠብቀውም አንድ ሰዓት ብቻ የኾነ ሰው ሊገባ ይወዳል። ምን ሊገዛ ነው? በቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ የሚያልፍ ሰው ኹሉ እንደሚያውቀው ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ወጣት ሴቶች ሰነዳቸውን በእጃቸው ይዘው በአንድነት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ አይሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። ከእነርሱ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥ የሚያሳፍረው ሰው፣ ከዚያም ተለይቶ በመስተዋቱ በር ሲገባ ልቡ የሚሞቅ ሰው፣ የገዛው ዕረፍት አይደለም። የገዛው የሌሎችን በውጭ መቅረት ነው። ይህም ዕቃ የተረገመ ጠባይ አለው፤ ማንም ጠግቦት አያውቅም። ዛሬ በላውንጅ በር ይደሰታል፤ ነገ ከላውንጁ ውስጥ ለበለጡት ሰዎች የተለየ ሌላ በር ያያል፤ ደስታውም በዚያው ይጠፋል።

አንዳንዱ፣ ገንዘቤ ነው፤ እኔ ውጭ ብቀመጥ እነዚያ ሴቶች ምን ይጠቀማሉ? ይላል። እውነት ነው፤ የአንተ በብረት ወንበር መቀመጥ ማንንም አያሳርፍም። ሌላውም፣ ያን 35 ዶላር ለድኻ መስጠት ይሻላል ይላል። ይህም አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ወደ ላውንጅ ያልገባው ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ለድኻ አይሰጠውም፤ በዚያው በጣቢያው ሱቅ በቡናና በቸኮሌት ይጨርሰዋል። ስለዚህ በድኻ ስም አንማል። እኛ የምንለው ሌላ ነው፤ በገዛህበት ገንዘብ ልብህ ምን እየለመደ እንደ ኾነ ተመልከት። በዕረፍት የከፈለ ሰው ዐርፎ ይነሣል፤ ልቡም ለሌላው ይሰፋል። በመለየት የከፈለ ሰው ግን ከዚያ ሲወጣ ባልንጀራውን ከፊተኛው ይልቅ ዝቅ አድርጎ ያያል፤ ዋጋውም በቲኬቱ ላይ ከተጻፈው እጅግ ይበልጣል።

ኹለቱን ለመለየት ሦስት ጥያቄ ራስህን ጠይቅ። ፊተኛው፤ ማንም ባያየኝ፣ ፎቶግራፍም ባላነሣ፣ ለማንም ባልናገር እገባ ነበርን? ኹለተኛው፤ መግቢያው ለአንድ ሰው ብቻ ቢኾን፣ ከእኔ ይልቅ የደከመ የመንገድ ጓደኛ ቢኖረኝ፣ ለእርሱ እለቅለት ነበርን? ሦስተኛው፤ በዚህ ገንዘብ የሚጠብቅ የተስፋ ቃል ሰጥቼ የዘገየሁበት ሰው አለን? የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአባት መድኃኒት፣ የተበደርኸው ብድር ይኾናል። ቃል የተሰጠበት ገንዘብ በኪስህ ቢኾንም የአንተ አይደለምና።

እነዚህንም ጥያቄዎች በቤትህ ሳለህ ጠይቅ እንጂ በበሩ ፊት ቆመህ አትጠይቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በድካምና በችኮላ የተቈረጠ አሳብ አይጸናም። ጕዞህን ጻፍ፤ የምትጠብቅበትን ሰዓት ቍጠር፤ አብሮህ የሚሄደው ማን እንደ ኾነ፣ ማን እንደሚደክም አስብ። በዓመት አንድ ጊዜ የምትሄድ ከኾንህ የዓመት ካርድ አትግዛ፤ ረጅሙን አንዱን ጥበቃ ለይተህ ለእርሱ ብቻ ክፈል። አጭር ከኾነ ኮዳህን ሞልተህ ከሕዝብ ጋር ተቀመጥ፤ በአጠገብህ ያለችው ልጅ የበሩን ቍጥር ማንበብ ቢያቅታት አንብብላት። ልትገባ የሚገባህ ከኾነም ያለ ኀፍረት ግባ፤ ዕረፍ፤ ስትወጣም የበሩ ጠባቂ ቢያመሰግንህ አንተም አመስግነው።