የሚዋጋው አውራ ዶሮና የባለቤቱ ዕዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ስለ ዶሮ የሚሰብክ ሁሉ ቅዱስ ጴጥሮስን ከሊቀ ካህናቱ ግቢ ሳያነሣ አያልፍም። እኔ ዛሬ የዶሮውን ጩኸት ትቼ ጥፍሩን ላነሣ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ሽቅብም ወደ ሰከላ እስከ ግሽ ዓባይ ድረስ፣ ደጁ ላይ ዶሮ የማይጭርበት የገጠር ቤት ብርቅ ነው። ሰው የሚዋጋ አውራም ከየመንደሩ አይጠፋም። እናት ውኃ ቀድታ እንስራዋን እንዳዘለች ስትመለስ ከኋላ ዘሎ ባቷን ይመታል። ልጅ ቆሎ ጨብጦ ከወጣ ልጁም አያመልጥ፣ ቆሎውም አይተርፍ። የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ጠበል ሽቶ ወደ ግሽ ዓባይ የሚያልፍ መንገደኛ ውኃ ሊለምን ቢገባ እሱንም አይምርም። እኛም እንስቃለን። «የእኛ ቤት እኮ ውሻ አያሻውም» እያልን እንኮራበታለን።

አስቀድሜ ለዶሮው ልፍረድለት። አውራ ዶሮ እህል ሲያገኝ ብቻውን አይውጥም። በምንቃሩ እያነሣ እየጣለ «ቁ ቁ ቁ» ብሎ ሴቶቹን ይጠራል፤ እነሱ ሲለቅሙ እሱ ቆሞ ዙሪያውን ይቃኛል። የጭልፊት ጥላ ሲያልፍ ከሁሉ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ባለጫጩቷም ድምፁን ሰምታ ልጆቿን ይዛ ጥሻ ትገባለች። ቁጣው የተሰጠው ለዚህ ነው። ቤት ጠባቂ ቁጣ ነው።

ታዲያ በቤተሰቡ ላይ ማን አዞረው? ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ገና ትንሽ ሳለ ልጆች በእንጨት እየነካኩ ያዋጉታል፤ በዘለለ ቁጥር ይሳቃል፤ ሲጎረምስ ያው ጨዋታ ሥራው ይሆናል። ከዚያ ደግሞ በእርግጫ እንጠልዘዋለን። ለእሱ እርግጫ ማለት ባላጋራ ተገኘ ማለት ነው፤ ሮጠን ብናመልጠው ደግሞ ድል አድርጎናልና ነገ ብሶበት ይመጣል። ብልሆቹ እናቶች አይመቱትም፣ አይሸሹትምም። አንድ ክንፉን ጣል አድርጎ በጎኑ እየተንሸራተተ ሲመጣ ቆመው ይጠብቁታል፤ ክንፎቹን ገጥመው ይይዙትና ብብታቸው ሥር ሸጉጠውት ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። የሚያወርዱት ሲረጋ ነው። ሲደጋገምበት ብዙው ይገራል። ለ4 ሴት ዶሮ 3 አውራ አስቀምጦ ሰላም መጠበቅም የባለቤቱ ስስት ነው። ለ1 አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ይመደባል፤ ትርፉ ገበያ ይውጣ።

የማይገራም አለ። ስብከቴም ከዚህ ይጀምራል።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለሚዋጋ በሬ ይደነግጋል። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው፤ አላወቀማ! ነገር ግን በሬው ቀድሞም ወጊ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ፣ ዕዳው ከበሬው አልፎ በባለቤቱ ራስ ላይ ይወጣል። ቀንዱ በሁለቱም ጊዜ ያው ቀንድ ነው። ፍርዱን የለወጠው የባለቤቱ ጆሮ ነው፤ ሰምቶ ነበር።

«ዶሮ ሰው አይገድልም» ትሉኝ ይሆናል። የ3 ዓመት ልጅ ቁጢጥ ብሎ አፈር ሲጫወት ፊቱ ከአውራ ዶሮ ምንቃር ጋር እኩል መሆኑን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ዶሮው ሁለት እግሩን አስቀድሞ ሲዘል ከእግሩ ኋላ የበቀለው ሹል የልጁን ዓይን ሊያገኝ ይችላል። የሹሉ ቁስል ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍም ያሰጋል። በውኃና በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው እንጂ ቡና ነስንሶ መተው አይሆንም። ጎረቤት አንዴ «ዶሮህ ልጄን ነካው» ካለህ በኋላ የምትስቀው ሳቅ እየተጻፈብህ ነው።

እንዲህ ያለውን ለፋሲካ ቢያርዱት ነውር የለውም። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ነውሩ ሌላ ነው። ቲሊሊና ደብረ ኤልያስ በዶሮ ዘራቸው በተመራማሪዎች ጽሑፍ ሳይቀር ስማቸው የተጠራ አገሮች ናቸው፤ በዚህ ወገን ለዘር የሚሆን አውራ የሚፈልግ ገዢ አይታጣም። ለእሱ፣ ይልቁንም ልጅ ላዘለች ሴት፣ «ጨዋ ነው፣ ለዘር ይሆናል» ብሎ ተዋጊውን ማስረከብ ዓይን መሸጥ ነው። ጠበኛነት በዘርም ስለሚወርድ ጣጣው በጫጩቶቹም ይቀጥላል።

ምእመናን፣ ነገሩ ዶሮ ላይ ቢቆም ባልደከምኩ ነበር። እህቱን በጥፊ የሚመታ ጎረምሳ በየቤታችን አለ። አባቱ «ወንድ ልጅ ቁጡ ነው» ይላል፤ እናቱ «ሲያገባ ይበርድለታል» ትላለች። ቤት ይጠብቅበት ዘንድ የተሰጠውን ጉልበት በቤት ላይ ሲያዞር አይተን ዝም ብለናል። ከዚያ የሠርጉ ወር ጥር ሲቃረብ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ይሄዱና ለልጅቱ አባት «ልጁ ጨዋ ነው፣ እጁ ለሥራ እንጂ ለጠብ አይነሣም» ብለው ይመሰክራሉ። ያውቃሉ እኮ! የልጅቱ ጥርስ ሲረግፍ ደግሞ እነዚያው ሽማግሌዎች «ቻይው» ሊሏት ይመጣሉ። በኦሪቱ ሕግ እነዚህ ሽማግሌዎች ከየትኛው ባለቤት ጋር ይቆጠሩ? ከማያውቀው ጋርስ አይደለም።

አባቶቼ፣ ዘንድሮም ለሽምግልና ትጠራላችሁ። የምታውቁትን ለልጅቱ አባት ሳትነግሩ ከዚያ ቤት ምግብ አትቅመሱ። መናገር ካልቻላችሁ ከነጋቢያችሁ ቤታችሁ ቅሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።