ነፋስ ከኋላ፣ ነፋስ ከፊት

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በብስክሌት የሚደረገው ዓመታዊ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ካርቱም ከመንገዱ ማረፊያዎች አንዷ ነበረች። ርቀቱ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጊዜው አራት ወር ነበር። ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት ብዙ ያስባል፤ ስንት ካላማዳሪ፣ ምን ዓይነት ካቴና፣ በቀን ስንት ሊትር ውኃ እንደሚያስፈልገው ያሰላል። ነፋሱም ቢሆን ከስሌቱ አይወጣም። በክረምታቸው ወራት በሰሜን ሱዳን በረሃ የሚነፍሰው ነፋስ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሆነ፣ ከካይሮ የሚመጣውን ሰው ጀርባውን ይገፋዋል።

የዓባይ ሰዎች ይህን ነፋስ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የጥንት ግብፃውያን በሥዕላዊ ጽሕፈታቸው ወደ ደቡብ መሄድን ሸራው በተዘረጋ ጀልባ፣ ወደ ሰሜን መሄድን ሸራው በወረደ ጀልባ ያመለክቱ ነበር። ወደ ደቡብ ነፋሱ፣ ወደ ሰሜን ወንዙ ይወስዳልና። በየብስ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ግን ወንዝም አይረዳው፤ ነፋሱን በፊቱ ይቀበላል። ከመተማ በገዳሪፍ ካርቱም ደርሶ፣ ከካርቱም ወደ ሊቢያ ወይም ወደ ግብፅ የሚያቀናው ስደተኛ እንዲህ ነው።

ለመሆኑ በፈቃድ የተመረጠ መከራና ተገደው የሚቀበሉት መከራ በአንድ ስም ሊጠሩ ይገባልን? ላብና ጥሙ አንድ ነው፤ በረሃውም ያው ነው። ይሁንና ሁዳዴን የሚጾም ሰው ሆዱ ቢባዶ እንኳ ረሃብተኛ አይባልም። ከ55 ቀን በኋላ ፋሲካ እንዳለ ያውቃል። ለረሃብተኛው ደግሞ «ጾመኛ ነህ» ቢሉት ስድብ ይሆንበታል። ልዩነቱ ከድካሙ መጠን ላይ ሳይሆን፣ «በቃኝ» ብሎ የማቆም ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ብስክሌተኛውን በቅንጦተኛነት መኰነን ግን ችኮላ ነው። በፈቃድ መራብ ክብር ያገኘው፣ ጾም ከምጽዋት ጋር ስለተጣመረ፣ ማለትም የጠገበውን ያልጠገበውን እንዲያይ ስለሚያስገድደው ነው። በበረሃው መካከል ውኃ የተጠማ ተጓዥ፣ በዚያው መንገድ ዳር በእግሩ የሚሄደውን ካየ ጥሙ ከንቱ አልነበረም። ፎቶግራፍ ብቻ አንሥቶ ካለፈ (ይህም አልፎ አልፎ የሚሆን ነው) ሌላ ነገር ነው።

አንድ ስሕተት ግን ይበልጥ ይከፋል፤ ስደተኛው አያቅድም ብሎ ማሰብ። ከጎንደር ወደ ካርቱም የምትነሣ ወጣት ገንዘቧን ትቆጥራለች፣ ደላላውን ታጣራለች፣ ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሽ ትወጣለች፣ አረብኛ ጥቂት ቃል ትለምዳለች። ባለብስክሌቱ ሲያደርገው ዕቅድ የሚባለው፣ እርሷ ስታደርገው ዕድሏ ይባላል። ይህ አጠራር የድሃን ሰው አእምሮ ከሥራው ይነጥለዋል።

ጦርነቱ ካርቱም ላይ የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ቀዳም ሥዑር። የከተማዪቱ ኢትዮጵያውያን ለማግሥቱ ፋሲካ ያሰቡትን ትተው፣ በተከታዮቹ ሳምንታት ብዙዎቹ ወደ መተማ አቀኑ። ብስክሌተኞቹ ወደ ጎንደር ሲወጡ ይጓዙበት የነበረው መንገድ ነው። ለስንት ቀን ስንት ሊትር ውኃ እንደሚበቃ ለማስላት ግን ጊዜ አልነበረም።