መዋጮ ዕዳ ነውን?

በዚህ በካኩማ ሠፈራችን ሰሞኑን ቡና በተፈላበት ሁሉ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። የጎረቤቶቻችን የስድስት ዓመት ልጅ በደም ካንሰር ታሞ ወላጆቹ ናይሮቢ እያመላለሱ አሳከሙት። በሽታው ለጊዜው ጠፋ፤ ቆይቶም ተመለሰ። አሁን ሐኪሞች የሚሉት የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። እናቲቱም ልጇን ይዛ ህንድ ለመሄድ ቆርጣ መዋጮ ጠየቀች። የመዳን ተስፋው ጠባብ መሆኑን ከማንም አልሸሸገችም።

ሠፈሩ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን፣ «ለአንድ ልጅ፣ ያውም ለማይጨበጥ ተስፋ ይህን ያህል ገንዘብ ከሚፈስ የስንቱን ሕፃን ወተት አይገዛም?» ይላል። ሁለተኛው፣ «ልጁ የሁላችንም ነው፤ ያለንን አራግፈን እንስጥ» ይላል። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሁለቱንም በጥሞና አዳምጠናል።

የፊተኛውን ወገን ጨካኝ ብለን አናልፈውም። ከካምፕ ውጪ የሚደረግ ሕክምናን የሚፈቅድ ኮሚቴም ቢሆን የሚመዝነው የመዳን ተስፋንና ወጪን ነው። የጋራ ሣጥን የያዘ ሰው መቁጠር ግዴታው ነውና። የየራሳችን ኪስ ግን የጋራ ሣጥን አይደለም። ለዚህ ልጅ በነፈግነው መቶ ሽልንግ ወተት የገዛንለት ሌላ ሕፃን ማን ነው? ራሳችንን በእውነት ብንጠይቅ የወተቱ ክርክር ብዙ ጊዜ ላለመስጠት የምናቀርበው ሰበብ ሆኖ እናገኘዋለን።

ሌሎችም፣ «እግዜር ያለው ይሆናል» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው 100 ልጆች ከ80 በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሀ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 ያነሱ ናቸው። በሽታው አንድ ነው፤ የተለየው የተወለዱበት ስፍራ ነው። ዴኒስ በርኪት በስሙ የሚጠራውን የልጆች የመንጋጋ ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዓለም ያስታወቀው ከዚሁ ከጎረቤት አገር፣ ከካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ነበር። በ1967 እዚያው የካንሰር ተቋም ተከፈተ፤ በመድኃኒትም የዳኑ ልጆች ታዩ። ሐኪምና መድኃኒት ከተገኘ በእኛም ምድር ልጅ ይድናል ማለት ነው። እንግዲህ ሰው ያጓደለውን በእግዜር ማላከክ አይገባም።

ደግሞም እድራችንን እንመልከት። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ስለ ታመመ ሰው ግን ደንቡ ዝም ይላል። ይህ ሕፃን ቢሞት ያለ አንዳች ጥያቄ የምናወጣውን ገንዘብ ትንፋሹ ሳለ ስንጠየቅ የምንከራከረው ስለ ምንድን ነው?

ታዲያ እንስጥ የሚለው ወገን ነቀፋ የለበትም ማለት ነውን? አለበት። ገንዘቡ ከተሰበሰበ፣ የሰጪውም ስም በጉባኤ ከተነበበ በኋላ እናቲቱ ነፃነቷን ታጣለች። ባሕር ማዶ ያሉት ሐኪሞች አንድ ቀን፣ «ከእንግዲህ ማሠቃየት ነው፤ ወደ ቤት ውሰጂው» ቢሏት የእኛ ድምፅ በጆሮዋ ይጮኽባታል፤ «ያ ሁሉ ገንዘብ የት ደረሰ?» ይላታል። ያን ጊዜ ልጁ መርፌ የሚወጋው ለመዳን ሳይሆን እኛን ላለማሳፈር ይሆናል። ከዚህ የባሰ ምጽዋት አለ ወይ?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ለእኛ ጌጥ የሆነው ተመልሶ በእናቲቱ ጫንቃ ላይ ሸክም እንዳይሆን መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው። የሰጠነው ገንዘብ ከእጃችን ከወጣ ወዲያ የእኛ አይደለም። የገዛነውም ነገር የለም። ልጁ ቢድን አልገዛነውም፤ ባይድንም አልከሰርንም።

ስለዚህ በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። እንስጥ፤ ስም ግን አይጻፍ፣ ዝርዝርም አይነበብ። ከአባታቸው ጋር ለሚቀሩት ሁለት ልጆች ራት በተራ እናድርስ። እናቲቱንም ስንሸኝ «አድነሽው ነይ» አንበላት፤ ይህ በእጇ ያልሆነ ነገር ነው። «በደረስሽበት ያዋጣል ያልሽውን አድርጊ፤ ስትመለሺም ቤትሽ ነው» እንበላት።

ሣጥኑ እሑድ ይዞራል። ክዳኑ የተዘጋ ነው።