ስለ ኀዘንና ስለ ቍጣ

ብዙ ምእመናን ወደ ንስሐ አባታቸው ቀርበው፣ «አባ፣ ኀዘኔ አልወጣልኝም፤ ቍጣዬም አልበረደልኝም፤ ይህ የእምነት ጉድለት ይሆንን?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ጥያቄ፣ ኀዘንና ቍጣ በአንድነት የታዩበትን አንድ ቀን በማስታወስ ልንመረምረው አስበናል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጧት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 6 ደቂቃ ያህል በርሮ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎችም ሁሉ አለቁ። ዕለቱ በዐቢይ ጾም ቅድስት የተባለው ሰንበት ነበረ። በሳምንቱ መጋቢት 8 ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለኢትዮጵያውያኑ ጸሎተ ፍትሐት ሲደረስ፣ አስከሬኑ ገና ተለይቶ ስላልታወቀ 17ቱ ሣጥኖች አስከሬን አልነበረባቸውም። ለቤተ ዘመድም አደጋው ከደረሰበት ቦታ የተወሰደ ዐፈር ተሰጠ።

በአገራችን ሐዘንተኛ ሬሳውን ሸኝቶ፣ ዐፈር አልብሶ፣ ሰልስቱን አሳልፎ፣ ተዝካሩን በ40ና በ80 ቀን አውጥቶ ልቡ ቀስ በቀስ ይረጋል። አስከሬን የሌለበት ኀዘን ግን ማረፊያ ያጣል። በዚህም ላይ ቍጣ ተጨመረ፤ 5 ወር ሳይሞላ አስቀድሞ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ያው ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበርና። የሞተበት ሰው፣ «ያን ጊዜ ቢታገድ ኖሮ የእኔ ሰው ባልሞተ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

እንዲህ ያለውን ሐዘንተኛ ምን እንበለው? እኛ ካህናት ለማጽናናት ቸኵለን፣ «በቃ፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ አታልቅሱ» ማለት ልማዳችን ሆኗል። ቃሉ ከበጎ ልብ ቢወጣም እንባውን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል እንጂ አያደርቀውም። ታምቆ የቈየ ኀዘን ደግሞ ውሎ አድሮ በቤተ ሰብ ላይ ንዴት፣ በሰውነት ላይ ደዌ፣ ወይም ስካር ሆኖ ይወጣል።

ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አለቀሰ። ትንሣኤን ማመን እንባን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ፣ ትንሣኤና ሕይወት የሆነው እርሱ ባላለቀሰ ነበር። ጻድቁ ኢዮብም የልቡን ምሬት ከእግዚአብሔር አልሸሸገም፤ እግዚአብሔርም ስለዚህ አልጣለውም።

ስለ ቍጣም ቢሆን፣ ያ የቀብር ዕለት ምኵራብ የተባለው ሰንበት ነበረ። በዚህ ሰንበት የሚነበበው ወንጌል፣ ጌታ ጅራፍ ይዞ በቤተ መቅደስ የሚሸጡትንና የሚለውጡትን እንዳስወጣ ይናገራል። ያ ቍጣ ቤቱን ለማንጻት እንጂ ለበቀል አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት የከለከለው፣ በቍጣ ኀጢአት መሥራትንና ቍጣን ማሳደርን ነው። ፍርድን መሻት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ጥላቻን ማሳደር ግን ለአንድ ሌሊትም አይገባም። የእነዚያ ሟቾች ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ቍጣቸውን ወደዚህ መለሱት፤ እውነት እንዲገለጥ በየአገሩ ደከሙ፤ በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ የአውሮፕላን ፈቃድ አሰጣጥ ሕግ ሲጠብቅ ጩኸታቸው ተሰምቶ ነበር። እንዲህ ያለው ቍጣ ሙታንን ባይመልስም ሕያዋንን ይጠብቃል።

ስለዚህ ኀዘንና ቍጣ በራሳቸው ኀጢአት አይደሉም፤ ነገር ግን ጌቶቻችን ሊሆኑ አይገባም። መለያቸውም ይህ ነው፤ ኀዘን ወደ ጸሎትና ወደ ወገን ሲያቀርብ በጎ ነው፤ ከቅዱስ ቍርባን፣ ከሥራና ከልጆች ሲለይ ግን ረዳት ይሻል። ያን ጊዜ ወደ ንስሐ አባት መቅረብ ይገባል፤ እንቅልፍና እህል እስከ መከልከል የደረሰ ከሆነም ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን መካድ አይደለም።

እንግዲህ ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ፣ ወደ ልቅሶ ቤት ስንገባ ከመናገራችን በፊት እንቀመጥ፤ ከማስተማራችንም በፊት አብረን እናልቅስ። እናንተም ያዘናችሁ፣ እንባችሁን በእግዚአብሔር ፊት አፍስሱት እንጂ አትፈሩበት።

የኀዘንተኞች አጽናኝ እግዚአብሔር የሞቱትን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ እኛንም በቸርነቱ ያጽናን፤ አሜን።