ገንዘባችሁ መንደር ይደር

ላሊበላን ለመሳለም የምትወጡ ወገኖቼ፣ በተለይም ለገና ከውጭ አገር የምትመጡ፣ አንድ ልመና አለኝ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከከተማው ወጣ ብላችሁ ገጠር እደሩ።

በዚያው በሰሜን ወሎ፣ መቄት ወረዳ፣ ገበሬዎች ገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ሠርተዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ገደማ መቋት ማርያም ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች መንደሮች ተዛመተ። ጎጆው የአንድ ባለሀብት ሳይሆን የመንደሩ ነው፤ ነዋሪው የመረጠው ኮሚቴ ያስተዳድረዋል። መንገድ የሚመራው፣ ጓዝ በአህያ የሚጭነው፣ ወጥ የምትሠራው፣ ሌሊት የሚጠብቀው ሁሉም የዚያው አገር ሰው ነው። ከወጪ የተረፈው ለጋራ ጉዳይ ይቀመጣል።

መቄት ድርቅ የደጋገመው፣ መሬቱ የተሸረሸረ ደጋ ነው። ለእንዲህ ያለ ገበሬ ከእንግዳ የሚገኝ ብር በግ ሳይሸጥ ማዳበሪያ መግዣ፣ የልጅ ደብተር መግዣ ነው። ነገር ግን እንግዳ የሚመጣው በበጋ ነው፤ ጎተራ የሚራቆተው ደግሞ በክረምት። በጥር የገባው ካልተቆጠበ ሐምሌ ላይ አይደርስም። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና፣ ወዲያውም የሰሜኑ ጦርነት እንግዳውን ሲያስቀሩት ማሳውን ችላ ያለ ሰው ምን ይዞ ይቆያል? ስለዚህ የመንደር ሰዎች ሆይ፣ እርሻችሁን አትልቀቁ። ኮሚቴውም ሒሳቡን በስብሰባ ፊት ያንብብ፤ ምግቡን የምታበስለው ሴት ከምድጃው ብቻ ሳይሆን ከሒሳቡም ጠረጴዛ ትቀመጥ። ይህን ሳያሟሉ ድህነት ይቀንሳል ማለት አይቻልም፤ ጥቂት ጉልበተኞች ይከብራሉ እንጂ።

እናንተ እንግዶች ደግሞ ተራ የያዘውን አስጎብኚ ዘላችሁ ከሌላው ጋር በስውር አትዋዋሉ። ያ ሰው ወረፋውን ሲጠብቅ የሰነበተ ነው። ምግብ ከከተማ ቋጥራችሁ አትሂዱ፤ የቀረበላችሁን ሽሮና ገብስ ብሉ። ከሁሉ በላይ መንገድ ዳር ለሚለምን ሕፃን ብር አትስጡ። ርኅራኄ ይመስላል፤ ልጁ ግን ትምህርት ቤት ከመዋል መንገድ ላይ መቆም እንደሚያዋጣ ይማራል። መስጠት ከፈለጋችሁ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለመንደሩ የጋራ ሣጥን ስጡ፣ ደረሰኝም ጠይቁ።

መቄት ባይመቻችሁ ነዋሪው ሣሩን ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየበት የመንዙ ጓሳ አለ፤ የወንጪ ሐይቅም አለ። የትም ብትሄዱ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከዚህ ብር ለመንደሩ የሚቀረው ስንቱ ነው? መልስ ካጣችሁ ሌላ ማረፊያ ፈልጉ።