የባልቴቷ ግድግዳ

አንዲት ባልቴት በደጋ አገር፣ ተዳፋት ላይ የተሠራ የሣር ቤት ነበራት። ክረምት በገባ ቁጥር የጓሮው ግድግዳ እየራሰ ይፈርስባታል። ክዳን ሠሪ፣ ጭቃ መራጊና ቦይ ቆፋሪ በየተራ ታስጠራለች። ሦስቱም ሙያቸው የተመሰከረላቸው ሐቀኞች ነበሩ፤ በመጡ ቁጥር ሠርተው፣ የእጃቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ክረምቱ ሲወጣ ባልቴቷ 30 ብር ወጥቶባት ግድግዳው ያው እንደራሰ ነው።

አንድ ዓመት ሰኔ ላይ ሦስቱንም ባንድ ቀን ጠርታ ቡና አፈላችላቸው።

«ልጆቼ፣ አምና 30 ብር ከፍያችኋለሁ። ዘንድሮም 30 ብር እዚህ ከረጢት ውስጥ አለ። የሥራችሁ ዋጋ ከዚህ ይወጣል። ለመስቀል ግድግዳዬን ደርቆ ካገኘሁት፣ ከተረፈው ግማሹን ትካፈላላችሁ። ከራሰ ግን የተረፈው ሁሉ የእኔ ነው» አለቻቸው።

ክዳን ሠሪው ሳቀ። «እማማ፣ ምንም ሳንነካው ብንከርምስ? ከረጢቱ እንደሞላ አይደርስልንም?»

«ይደርሳል። ግድግዳውን የምዳብሰው ግን እኔ ነኝ።»

ሦስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ወደ ጓሮ ዞሩ። ቦይ ቆፋሪው እጁን ቦዩ ውስጥ ሰዶ የበሰበሰ ሣር አወጣ። ክዳን ሠሪው ሣሩን አወቀው፤ አሮጌውን ክዳን ሲያወልቅ ወደ ጓሮ የሚጥለው እሱ ነው። መራጊው ደግሞ ግድግዳው ሥር የተቆለለውን አፈር በእግሩ እየነካካ «ይኸስ የማን ነው?» አለ። ቦይ ቆፋሪው ቦዩን ሲጠርግ የቆለለው ነበር፤ ዝናቡን እየጠጣ ግድግዳውን ያረጥባል። ቀና ሲሉ የክዳኑ ጠርዝ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ መራጊው መሰላሉን የሚያስደግፍበት ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ አሳምሮ፣ ለባልንጀራው አዲስ ሥራ ትቶለት ኖሯል።

ዝናብ በጣለ ማግስት ቤቱን ዞሮ እያየ ለሦስቱም የሚነግር አንድ ልጅ ከከረጢቱ እየከፈሉ ቀጠሩ። ለመስቀል ባልቴቷ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ደርቋል። የተረፈውም 12 ብር ነበር፤ ስድስቱን አስቀርታ ለሦስቱ ሁለት ሁለት ብር ሰጠቻቸው።

ምሳሌው በአሜሪካ ሜዲኬር ተፈትቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ይህ የአረጋውያን የጤና መድን ለረጅም ዘመን ለሐኪሞች የከፈለው ለየምርመራውና ለየቀጠሮው ነበር። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት አንዱ ሐኪም አይቡፕሮፌን ያዝዛል። መድኃኒቱ ሰውነት ውሃ እንዲቋጥር ስለሚያደርግ የልብ ድካማቸው ይብሳል። የልብ ሐኪሙ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ይጨምራል፤ ኩላሊታቸውም በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ይጎዳል። የኩላሊት ሐኪምም ይጨመራል፤ የሦስቱም ሒሳብ ይከፈላል። በ2009 የታተመ ጥናት ከሆስፒታል ከወጡ የሜዲኬር ታካሚዎች ከአምስት አንዱ ያህል በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ እንደሚተኛ አሳይቶ ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ ወላጆቻቸውን ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚያመላልሱ የአገራችን ልጆች ይህን ዙር ያውቁታል።

በ2010 የወጣው የጤና ሕግ የባልቴቷን ውል የሚመስል መንገድ ከፈተ፤ ሥራውም በ2012 ተጀመረ። ሐኪሞች ተባብረው ቢያንስ የ5,000 ታካሚዎችን ኃላፊነት ይወስዳሉ። ሜዲኬር የሚጠበቀውን ወጪ አስቀድሞ ያሰላል። ከዚያ በታች ካወጡና የጥራት መለኪያውን ካለፉ ከተረፈው ይካፈላሉ፤ በአንዳንዱ ውል ኪሳራውንም ይጋራሉ። ታካሚው ሜዲኬር ወደሚቀበል ወደ ሌላ ሐኪም መሄድ አይከለከልም። ዞሮ የሚያየው ልጅ አስተባባሪዋ ነርስ ናት፤ ከሆስፒታል ለወጣው ሰው ደውላ፣ ያሉትን የመድኃኒት ብልቃጦች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስደርድራ አንድ በአንድ ታስነብበዋለች።

መሰብሰብ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ሦስቱ ባለሙያዎች ጓሮውን ሳያዩ ዋጋ ለመጨመር ቢመክሩም ኅብረት በተባለ ነበር። የአሜሪካ የውድድር ሕግ ለየብቻ የሚሠሩ ሐኪሞች ለዋጋ ብቻ ሲያብሩ የሚከለክለው ለዚህ ነው። የቁጠባውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሕክምና በመንፈግም ገንዘብ ይተርፋል። ስለዚህ ከረጢቱ ከመፈታቱ በፊት የታካሚው ጤና ይለካ፤ ለኪውም፣ እንደ ባልቴቷ ሳይሆን፣ ከተረፈው ድርሻ የሌለው ይሁን።